ቢላ በእሳት አይሳልም፦ «ቢላ ለማስሞረድ ብር አታውጡ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን «ቢላ ለማስሞረድ ብር አታውጡ» የሚል ጽሑፍ ጎረቤቴ በስልኳ ከፍታ አስነበበችኝ። ጸሐፊው ቤት ውስጥ ባለ ዕቃ ቢላ ይሳልባቸዋል የሚሏቸውን ሰባት መንገዶች ይዘረዝራሉ፦ የስኒ ቂጥ፣ የጀበና ቂጥ፣ ፎይል፣ የከሰል ፍም፣ ያገኙት ድንጋይ፣ ቢላ በቢላ፣ ሎሚ በጨው። መጨረሻ ላይም ለቤት የሚሻለው እምብዛም ያልተሳለ ቢላ ነው፣ አደጋ የለውም ብለው ይመክራሉ። ሐሳባቸው በጎ ነው። ኑሮ በተወደደበት ጊዜ ሰው በእጁ ያለውን ይጠቀም ማለታቸውን እደግፋለሁ። ነገር ግን ከሰባቱ በደንብ የሚሠራው አንዱ ብቻ ነው፤ ሁለቱ በግማሽ ይሠራሉ፤ ሦስቱ አይረቡም፤ አንዱ ጭራሽ ቢላ ያበላሻል። ጎረቤቴ ልትሞክር የመረጠችው ያንኑ የሚያበላሸውን ስለነበር ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

እኔ ጎንደር ውስጥ የድግስ ወጥ በመሥራት ነው የምተዳደረው። ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ ለተዝካር እጠራለሁ፤ በጥር ደግሞ ለጥምቀት እንግዳ የሚቀበሉ ቤቶች አሉ። ሽንኩርት በኪሎ ሳይሆን በጆንያ ነው የሚቀርብልኝ። ዱልዱም ቢላ ሽንኩርትን አይቆርጥም፣ ይጨፈልቃል፤ ጭማቂው ይረጫል፣ ዓይን የሚያቃጥለውም ያኔ ይብሳል። ከተጨፈለቀ ሽንኩርት የሚወጣው ቁሌት ደግሞ ግማሹ ሲያር ግማሹ ጥሬ ይሆናል። ስለዚህ የቢላ ነገር ለእኔ የትርፍ ሰዓት ወሬ አይደለም።

ጸሐፊው ሰባቱን መንገዶች ሲዘረዝሩ የዘለሉት አንድ መሠረታዊ ነገር አለ። ቢላ የሚሳለው ከራሱ በጠነከረ ነገር ሲፋቅ ነው። ጀርመናዊው የማዕድን ሊቅ ፍሪድሪክ ሞህስ እ.ኤ.አ. በ1812 ማዕድናትን «የትኛው የትኛውን ይጭራል?» እያለ ከ1 እስከ 10 ደረጃ አወጣላቸው። አልማዝ 10 ነው። የወጥ ቤት ቢላ ብረት ከ5 እስከ 6 ተኩል ግድም ላይ ይውላል። አሸዋ ውስጥ የሚበዛው ኳርትዝ የሚባለው ማዕድን 7 ነው። አሉሚኒየም 3 እንኳ አይሞላም። ጽሑፉን ይህን መለኪያ ይዤ ሳነበው ነው ስህተቱ የታየኝ።

ከስኒው ልጀምር፤ እዚህ ላይ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ቅር ያለኝ «ስኒውን ገልብጣችሁ ቢላውን ወዲህ ወዲያ እሹት» ብለው በአንድ ዓረፍተ ነገር ማለፋቸው ነው። እንዲህ ያደረገ ሰው ቢላውን ይቧጭራል እንጂ አይስልም። ስኒ ገልብጠው ቢያዩት ቂጡ ዙሪያ፣ የሚያብለጨልጨው ልባስ ያልነካው፣ በጣት ሲዳብሱት ሻከር የሚል ቀጭን ቀለበት አለ። ስኒው እቶን ውስጥ ሲገባ ልባሱ ቀልጦ ከመደርደሪያው ጋር እንዳይጣበቅ ነው ያ ቀለበት ሳይለበስ የሚቀረው። ስለቱን የሚያወጣው እሱ ብቻ ነው። የሚያብለጨልጨው የስኒው ጎን ላይ ቀኑን ሙሉ ቢያሹት ቢላው ያንሸራትታል እንጂ የረባ ነገር አይወጣም።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። የቡና ስኒ ትንሽ ስለሆነ እጅ ላይ ይዋልላል፤ ሰፋ ያለ የሻይ ኩባያ ይሻለኛል። ለዚህ ብዬ ያስቀመጥኩት አፉ የተሸረፈ አለኝ፤ ቡና አይቀዳበትም። እርጥብ ጨርቅ አነጥፍና ኩባያውን ደፍቼ አስቀምጠዋለሁ፣ ቀለበቱ ላይ ሁለት ሦስት ጠብታ ውሃ አደርጋለሁ። ቢላውን ቀለበቱ ላይ አጋድሜ ጀርባውን በትንሿ ጣቴ ውፍረት ያህል ከፍ አደርገዋለሁ። ስፋቱ 4 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ቢላ ይህ ከ1 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ከፍ ማለት ነው፤ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ይመጣል። ከዚያ ከእጀታው ሥር ጀምሬ እስከ ጫፉ ድረስ፣ ቀጭን ቅርፊት የምልጥ ይመስል፣ ሳልጫን እስባለሁ። በአንዱ ጎን አሥር፣ በሌላው ጎን አሥር፤ ቀጥሎ አምስት አምስት፤ ቀጥሎ ሁለት ሁለት፤ መጨረሻ ላይ አንድ አንድ። ቀለበቱ ላይ ግራጫ መስመር ከታየ ብረቱ እየተፋቀ ነው።

ዋናው ነገር ያ ከፍታ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዳይለወጥ ነው። ለጀማሪ የምነግራት ዘዴ አለችኝ፦ ስለቱን በማርከር ጥቁር ቀቢው፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ሳቢውና እይው። ቀለሙ ከጫፉ ጠርዝ ላይ ከጠፋ ልክ ነሽ። ከጠርዙ ከፍ ብሎ ከጠፋና ጠርዙ ላይ ጥቁሩ ከቀረ ቢላውን አብዝተሽ አስተኝተሽዋል፤ ትንሽ አንሺው። ይህን ያየች ልጅ በአንድ ከሰዓት ትማራለች።

ወደ ጀበናው ስመጣ ጸሐፊው «ጀበናም ሸክላ፣ ስኒም ሸክላ» ይላሉ፤ የሚያመሳስላቸው ግን ቃሉ ብቻ ነው። ስኒ ከነጭ ጭቃ ተሠርቶ ከ1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሚደርስ እቶን የተጋገረ ነው፤ ውስጡ እንደ መስታወት ገጥሟል። የእኛ ጀበና፣ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ወለቃ የሚሸጠውም ቢሆን፣ ሜዳ ላይ በተከመረ እሳት ነው የሚተኮሰው፤ ሙቀቱ ከስኒው በብዙ ያንሳል። ለቡና ይህ ጥሩ ነው፣ እሳት ላይ ሲጣድ ቶሎ አይሰነጠቅም። ቢላ ሲያሹበት ግን ይፈረፍራል። የሚፈረፈረው ዱቄት መሐል ያለው የአሸዋ ቅንጣት ስለቱን አንድ ቦታ ይጭራል፣ ሌላ ቦታ ይተወዋል። ጀበናውም ይጎዳል። የወለቃን ሸክላ የሚያውቅ ሰው ያን ያህል ልፋት ለዚህ አያውለውም።

ፎይሉን ባጭሩ ልለፈው። ጸሐፊው ፎይል ደራርቦ አጥፎ በቢላ ወይም በመቀስ መቆራረጥ ስለቱን ይመልሳል ይላሉ። አሉሚኒየም ከቢላ ብረት በብዙ የለሰለሰ ነው፤ ለስላሳ ነገር ጠንካራውን አይፋቅም። መቀስ ላይ የተጣበቀ ቆሻሻ ጠርጎለት ለጥቂት ጊዜ ቀለል ሊለው ይችላል። ያ ጽዳት ነው። ሎሚና ጨውም እንደዚያው፤ ዝገት ያነሳሉ፣ ለዚያ እኔም እጠቀምባቸዋለሁ። ነገር ግን ቀጥቃጭ የሠራውን፣ አይዝጌ ያልሆነ ቢላ ሎሚ ነክተው ቢያሳድሩት አሲዱ የሚበላው መጀመሪያ ያንን ቀጭን ጠርዝ ነው። አጥቦ ወዲያው ማድረቅ ይገባል።

አሁን ወደ እሳቱ። ጸሐፊው «ቀጥቃጭ ብረት የሚያግለው ለምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁና ቢላውን ከሰል ላይ አግሎ በድንጋይ ማሸት ስለቱን «ያነቃዋል» ይላሉ። ይህ ምክር ያናደደኝ ያለ ምክንያት አይደለም።

እናቴ አንድ ቢላ ነበራት። ቀጥቃጭ ከመኪና ባሌስትራ የሠራው፣ እጀታው ከወይራ የሆነ፣ ጥቁር፣ መልኩ የማያምር። በዚያ ቢላ ነው ሽንኩርት መክተፍ የተማርኩት። በአንድ ቅዳም ሹር፣ ሁላችንም ለፋሲካ ወጥ ስንጣደፍ፣ አክስቴ ቢላው ደነዘብኝ ብላ ማንደጃው ውስጥ ሰካችው። «ትንሽ ሙቀት ሲያገኝ ይነቃል» ነበር ያለችው፤ ቃሉ ራሱ ከጸሐፊው ጋር አንድ ነው። ስታወጣው ከጫፉ እስከ መሐሉ ቀለም አውጥቶ ነበር፤ ወደ እጀታው ያለው ክፍል የገለባ መልክ፣ ከዚያ ሐምራዊ፣ ጫፉ ጋ የጠራ ሰማያዊ። አስታውሳለሁ፣ ቆንጆ መስሎኝ ነበር። አክስቴ ደጃፉ ድንጋይ ላይ አሸችው፣ ተሳለ፣ ዶሮ መበለት ጀመረች። ከ12ቱ ብልት አምስተኛው ላይ ሳትደርስ ቢላው ደነዘ። እንደገና አሸችው፣ እንደገና ደነዘ። ከዚያ ቀን በኋላ ያ ቢላ ስለት ይዞ አያውቅም።

ምክንያቱን ኋላ ላይ ነው የተረዳሁት። ቀጥቃጭ ብረቱን ቀይ እስኪሆን የሚያግለው ለሁለት ነገር ነው። መጀመሪያ ለመቀጥቀጥ፤ ቀጥሎ ድንገት ውሃ ወይም ዘይት ውስጥ ነክሮ ለማጠንከር። ያ ድንገተኛ ቅዝቃዜ ነው ብረቱን የሚያጠነክረው። እንዲያ የጠነከረ ብረት እንደ ብርጭቆ ስለሚሰበር ደግሞ በለዘብተኛ ሙቀት፣ ለቢላ ከሆነ በ200 ዲግሪ ዙሪያ፣ ትንሽ ይለዝባል። ስለቱ የሚወጣው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ ብረቱ በቀዘቀዘበት ነው። ያለቀለትን ቢላ መልሶ እሳት ውስጥ መክተት ያንን ጥንካሬ መፍታት ነው። በተራ የካርቦን ብረት ላይ የገለባ ቀለም የሚታየው ከ220 እስከ 230 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ሰማያዊው ወደ 300 ሲደርስ። የከሰል ፍም ደግሞ ከ700 ይዘላል። በዚያ ላይ የቢላ ቀጭኑ ቦታ ስለቱ ስለሆነ ከሁሉ ቀድሞ የሚግለው እሱ ነው። ይኸውም እሳቱ መጀመሪያ የሚያበላሸው ልናድነው የፈለግነውን ቦታ ነው ማለት ነው። አግለው ውሃ ውስጥ ቢነክሩትስ የሚል ይኖራል። ሙቀቱን በዓይኑ የሚለይ ቀጥቃጭ እጅ ላይ ከሆነ ይሆናል። ወጥ ቤት ውስጥ፣ ግማሹ ቀልቶ ግማሹ ጠቁሮ፣ አይሆንም፤ ወይ ይጣመማል፣ ወይ ይሰነጠቃል።

ቀጥቃጭን ምስክር አድርጎ መጥራትም ጥንቃቄ ይፈልጋል። እዚህ ጎንደር ዙሪያ ብረት የመቀጥቀጥና ሸክላ የመሥራት ጥበብ ለረጅም ዘመን በቤተ እስራኤል እጅ የኖረ ነው፤ ወለቃም ከመንደሮቻቸው አንዷ ነበረች። ማረሻውንም፣ ማጭዱንም፣ ቢላውንም ሠርተው ላበሉት ሰው ክብር ሳይሆን ስድብ ነበር የሚመለስላቸው። ሙያቸውን ሳንማር ስማቸውን ለማይሆን ምክር ድጋፍ ማድረግ ሁለተኛ በደል ይመስለኛል።

ስለ ድንጋይ ጸሐፊው «እናቶቻችን ያገኙት ድንጋይ ላይ ነበር የሚስሉት» ይላሉ። እናቶቻችን ያገኙት ላይ አልነበረም፤ የመረጡት ላይ ነበር። የእናቴ ቤት ደጃፍ ላይ ካሉት አራት ድንጋዮች ቢላ የሚነካው አንዱን ብቻ ነበር፤ መሐሉ እንደ ኮርቻ ጎድጎድ ብሎ ለስልሶ ነበር። የጎንደር አካባቢ ድንጋይ በአብዛኛው ከእሳተ ገሞራ የወጣ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ብዙው ደግሞ ቀዳዳ ቀዳዳ አለው። ቀዳዳው አፍ ላይ ስለቱ ይሸረፋል። የሚሆነው ቀዳዳ የሌለው፣ ደቃቅ፣ ሲያርሱት በአውራ ጣት እንደ ድመት ምላስ የሚይዝ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው። እሱም ከቢላው ብረት እምብዛም ስለማይጠነክር ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው፤ ትዕግሥት ይጠይቃል። «ቢላችሁን ወፍጮው ላይ ሳሉት» ያሉትን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። ወፍጮ ተወቅሮ፣ ከመጁ ጋር ተላምዶ የኖረ ዕቃ ነው። ቢላ ቦይ ያወጣበታል፣ የብረቱ ብናኝም ከበርበሬው ጋር ይፈጫል።

ቢላ በቢላ ማፋጨትን በተመለከተ «ብረት ብረትን ይስለዋል» የሚለውን ይጠቅሳሉ። አባባሉ ላይ ጠብ የለኝም። እዚህ ግን ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ተምታተዋል። ቢላ ሲሠራበት መጀመሪያ የሚሆነው፣ ቀጭኑ ጠርዝ ወደ አንድ ጎን መታጠፍ ነው። ብረቱ አላለቀም፣ ተጋደመ እንጂ። ሥጋ ቤት ያለው ልጅ በየመሐሉ ቢላውን መሳያው ብረት ላይ ሻ ሻ የሚያደርገው ያንን የታጠፈ ጠርዝ ለማቅናት ነው። መሳያ ብረት ከሌለ የሌላ ቢላ ጀርባ ይህን ይሠራል፤ ስለት በስለት ከተፋጨ ግን ሁለቱም ይሸራረፋሉ። ጠርዙ አልቆ የደነዘ ቢላ ደግሞ ምንም ቢቀና አይቆርጥም፤ የሚቀና ነገር የለውማ! ያኔ መፋቅ ግድ ነው። በተግባር እኔ በየቀኑ በቢላ ጀርባ አቀናለሁ፣ ኩባያውን የማወጣው በሳምንት አንድ ጊዜ ነው።

ከሁሉ ያስገረመኝ ግን ጸሐፊው ብርጭቆ ወረቀትን «የአናጢ ነው» ብለው በአንድ መስመር መጣላቸው ነው። ካነሷቸው ዕቃዎች ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነበር። ወረቀቱ ላይ የተለጠፈው ብናኝ፣ አሉሚኒየም ኦክሳይድ ሆነ ሲሊከን ካርባይድ፣ በሞህስ መለኪያ 9 እና ከዚያ በላይ ነው፤ ማንኛውንም የወጥ ቤት ቢላ ይፋቃል። እዚሁ ጎንደር አራዳ ካሉት የሕንፃ ዕቃ መደብሮች ገዝቼ ነው የምመጣው። ጀርባው ላይ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ ይለሰልሳል። በጣም ለደነዘ 240፣ ቀጥሎ 400፣ ለመጨረሻ 800 ወይም 1,000። ጥቁሩን፣ የመኪና ቀለም ቀቢዎች ውሃ እየነከሩ የሚጠቀሙበትን፣ እመርጣለሁ፤ ሲርስ አይበሰብስም። ጠፍጣፋ ጣውላ ወይም የወለል ሴራሚክ ቁራጭ ላይ ዘርግቶ ቢላውን በዚያው የትንሿ ጣት ከፍታ መሳብ ነው። እዚህ ላይ ግን የአሳሳቡ አቅጣጫ ከስኒው ይለያል። ጀርባው ይቀድማል፣ ስለቱ ከኋላ ይከተላል። ስለቱ ከቀደመ ወረቀቱን ይሰነጥቀዋል።

አንዱን ጎን በደንብ ሲፍቁት በሌላው ጎን፣ ጠርዙ ላይ፣ በቀላሉ የማይታይ ቀጭን ሻካራ ነገር ይወጣል። በአውራ ጣት ከጀርባው ወደ ስለቱ አቅጣጫ፣ ወደ ውጭ፣ ቢዳብሱት ጣት ላይ ይይዛል። ያ ፍቂያው ጠርዙ ድረስ መድረሱን የሚያሳይ ምልክት ነው፤ ሳይወጣ ወደ ሌላው ጎን መዞር ድካም ነው። በሁለቱም ጎን ከወጣ በኋላ ያንን ሻካራ ማንሳት ይቀራል። ለዚህ የቆዳ ቀበቶ አለ። ፀጉር አስተካካዮች ምላጭ ቆዳ ላይ ሲያመላልሱ ያየ ሰው ያውቀዋል። ቀበቶውን የበር እጀታ ላይ አስሬ ወጠር አድርጌ፣ ስለቱን አስከትዬ አሥር ጊዜ በዚህ፣ አሥር ጊዜ በዚያ። ቢላው ከመቁረጥ ወደ መላጨት የሚሻገረው እዚህ ላይ ነው።

በየመንገዱ ቢላ የሚሞርዱትን ልጆች «ብረት በልተው ብር ይወስዳሉ» ማለታቸው ደግሞ ፍርደ ገምድልነት ነው። ደረቅ ማሽን ላይ አጥብቆ የሚጫን ሞራጅ ቢላ ያግላል፣ ያንን የተናገርኩትን ሰማያዊ ቀለም ያወጣል፣ ይህ እውነት ነው። በየመሐሉ ውሃ የሚነክር፣ ቀለል አድርጎ የሚያስነካ ግን አለ። ጫፉ የተሰበረ ወይም ጥርስ ያወጣ ቢላ ኩባያ ላይ ከማንገላታት ለእንዲህ ያለው ሰው መስጠት ይሻላል። ሲሠራ ቆሞ ማየት ነው፤ ውሃ ከሌለው ቢላዬን እመልሳለሁ።

የመጨረሻው ምክራቸው፣ ያልተሳለ ቢላ ለቤት ደህና ነው የሚለው፣ ብዙ ሰው የሚያምነው ስለሆነ ዝም ልለው አልፈልግም። ታናሽ እህቴ አመልካች ጣቷ ላይ እስካሁን ምልክት አለ። የቆረጣት ዱልዱም ቢላ ነው። ቲማቲም ላይ አስቀምጣ ተጫነች፤ ልጣጩ አልበሳ አለ፤ ጨምራ ተጫነች፤ ቢላው ቲማቲሙን ስቶ በሙሉ ኃይሏ ጣቷ ላይ ወረደ። የተሳለ ቢላ ኃይል አይጠይቅም፣ ስለዚህ ወደሚፈልጉት ቦታ ይሄዳል። ከተሳለ ቢላ ልጆችን የሚጠብቀው ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ነው።

ስለቱንም ጸሐፊው እንደሚሉት ጣት እያስኬዱበት አይፈትኑት፤ ቢላው ተስሎ ከሆነ ይቆርጥዎታል። ከሳሉ በኋላ መጀመሪያ በሳሙና ይጠቡት፣ የብረትና የድንጋይ ብናኝ ምግብ ውስጥ እንዳይገባ። ከዚያ የበሰለ ቲማቲም ያስቀምጡና ቢላውን ላዩ ላይ አሳርፈው፣ ሳይጫኑ፣ በክብደቱ ብቻ ወደ እርስዎ ይሳቡት። ልጣጩን ወዲያው ከያዘ ሽንኩርቱን ያቅርቡ። ከተንሸራተተ ኩባያውን መልሰው ይድፉት።